ከጋምቤላ ጎንደር፣ በቦሌ በኩል

እቴቴ ያረፈች ማታ ባሮ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። የደወለው ታላቅ ወንድሜ ነው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማታማ ጨርሶ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። ግን ጋምቤላ ለሥራ የተቀመጠን ሰው ማን መጥቶ በሩን ያንኳኳለታል? አያ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «ወንድምዓለም፣ እቴቴ አረፈች» አለኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ስለ ኀዘኑ እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ እሱ የቤተሰብ ነው። እስከ ዛሬ ውስጤን የሚበላኝ ቆየት ብሎ የመጣው ሁለተኛው ስልክ ነው።

በሁለተኛው ስልክ አያ ብቻውን አልነበረም። ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጎታል። ከኋላው ሰው ሲንሾካሾክ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ሴቶች ሲያለቅሱ ይሰማል። የዕድሩ ዳኛ መጥተዋል። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን እየዞረ ስለሚለፍፍ፣ የቀብሩ ሰዓት በዚያው ማታ መቆረጥ አለበት። ድንኳኑ፣ ካህናቱ፣ ጉድጓዱ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም ነገር ከዚያች ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው የሚዘጋጀው። የቀረው የእኔ መልስ ብቻ ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አለ አያ።

አፌን ሳልከፍት የእህቴ ልጅ ቀደመኝ። ለካ ስልኩ ላይ ፈልጎ አግኝቶታል። «ጋሼ፣ ከጋምቤላ ኤርፖርት ጎንደር ኤርፖርት 579 ኪሎ ሜትር ነው። የበረራው ጊዜ 1 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው ይላል» ሲል ሰማሁት።

ቤቱ እፎይ አለ። «ተመስገን፣ ቅርብ ነው ለካ!» አሉ አንዲት ሴት። አንዱ ደግሞ ወዲያው ሒሳቡን ሠራው። ጠዋት 3 ሰዓት ቢነሳ፣ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ አዘዞ ያርፋል፣ 5 ሰዓት ቤት ይገባል፣ ቀብሩ 6 ሰዓት ይሁን። በቃ፣ አለቀ።

እኔ በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። እንጀራዬ ርቀት መለካት ነው። «ለቀባሪው አረዱት» ማለት ይሄኔ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ማታ ግን ቤት ሙሉ ሰው ካመነው ቁጥር ጋር ክርክር ልገጥም ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ስህተት አይደለም።

«ከዚህ በቀጥታ ጎንደር የሚሄድ አውሮፕላን የለም» አልኳቸው። «መጀመሪያ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ።»

የዕድሩ ዳኛ ስልኩን ተቀበሉ። ትልቅ ሰው ናቸው። የሰፈሩን ሰው ሲቀብሩ የኖሩ፣ ማን ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ሳይደርስ ቀብር ቢፈጸም ቅያሜ እንደሚያተርፍ አብጠርጥረው የሚያውቁ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

መልስ አጣሁ። ላስረዳ ሞከርኩ፤ ስለ ትራንዚት፣ ስለ ሁለተኛው አውሮፕላን፣ የጋምቤላው በረራ ረፋዱን እንደሚነሳ፣ ከቦሌ ደግሞ የሚቀጥለውን እንደምጠብቅ። እያወራሁ ለራሴም ሰበብ የምደረድር መሰለኝ። በአንድ በኩል ዘመድ ልቅበር የሚል ሰው፣ በሌላ በኩል አዲስ አበባ ልሂድ የሚል ሰው። ዳኛው ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያው 9 ሰዓት አድርገነዋል» አሉ። «ከዚያ በላይ አይገፋም፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ጀምበር ሳትጠልቅ መመለስ አለበት። እግዜር ያድርስህ።»

ከ6 ወደ 9። ሦስት ሰዓት ሰጡኝ።

## ቁጥሩ እንዴት ተሠራ?

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን በእጄ ሠራሁት። ኀዘንተኛ እንዲህ ያደርጋል ወይ አትበሉኝ፤ ሰው በየሙያው ነው የሚያለቅሰው።

የጋምቤላ ኤርፖርት በሰሜን ኬክሮስ 8.13 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 34.56 ዲግሪ ላይ ነው። አዘዞ ያለው የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት 12.52 እና 37.43 ነው። ካርታ ሠሪዎች ምድርን በኬንትሮስ ሰንጥቀው ዞን ይሏታል፤ ሁለቱ አንድ ዞን ውስጥ እንኳ አይገቡም፤ ጋምቤላ ዞን 36 ነው፣ ጎንደር ዞን 37። የአገራችን ቀያሽ ሁሉ ያውቃታል ይህችን ጣጣ። ዞኑ ሲለያይ ኮኦርዲኔቱን፣ የቦታ መለያ ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ ዝም ብለህ አትቀንሰውም። በዲግሪ ሄድኩ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን 486 ኪሎ ሜትር መጣልኝ፣ ወደ ምሥራቅ 314። የቀረውን ፓይታጎረስ ይጨርሰዋል። 579። ልክ ልጁ እንዳለው።

ሰዓቱስ? እንዲህ ያሉ የርቀት ማስያ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ቀመር ቀላል ነው። አውሮፕላን በሰዓት 500 ማይል፣ ማለትም ወደ 805 ኪሎ ሜትር ይበራል ይላሉ። ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። 579ን ለ805 ስታካፍለው 43 ደቂቃ ይሆናል። 30 ስትጨምርበት 1 ሰዓት ከ13 ደቂቃ። ቁጭ!

ይባስ ብሎ ቀመሩ ለእኛም ብዙ አይርቅም። በአገር ውስጥ መስመር ላይ የሚበዛው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። እሱ በሰዓት ወደ 660 ኪሎ ሜትር ቢበር ነው። ቢሆንም ለአጭር መንገድ ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። እንዲያ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር ከጋምቤላ ተነስቶ ወለጋን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ መተከልን ቁልቁል እያየ፣ የጣናን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ አዘዞ ያርፍ ነበር። ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም።

ቢኖር። ገጹ የዘለላት ይህችን ብቻ ነው። ካርታው ላይ ደማቅ መስመር አስምሯል። ኪሎ ሜትሩን ጽፏል፣ ማይሉን ጽፏል፣ ደቂቃውን ሳይቀር ጽፏል። በዚያ መስመር ላይ መንገደኛ ጭኖ የሚበር ማንም እንደሌለ ግን ትንፍሽ አላለም። ደግሞ ሰው አልጻፈውም፤ ማሽን ነው። ኤርፖርት የተባለን ሁሉ ሁለት ሁለት እያደረገ ያጋባል፣ ተጋቢዎቹ ይተዋወቁ አይተዋወቁ ግድ የለውም። ሥራ የሌለው ሰው ለጨዋታ ቢያየው ምንም አይደል። ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ቀብር ሲቆርጥበት ነው ችግሩ።

ከዚያ የእውነቱን መንገድ አሰላሁ። ከጋምቤላ ቦሌ 476። ከቦሌ ጎንደር 419። ድምሩ 895 ኪሎ ሜትር። 316 ኪሎ ሜትር ትርፍ ነው፤ በአውሮፕላን ያን ያህል አይደለም። እኔን እስከ ንጋት ያፈዘዘኝ የመጀመሪያው በረራ ነው። ጎንደር ያለችው ከጋምቤላ በስተ ሰሜን ነው። የቦሌው በረራ ግን ወደ ሰሜን የሚያስጠጋኝ 94 ኪሎ ሜትር ብቻ። ሌላው በሙሉ ወደ ምሥራቅ ነው። የጎንደርን ኬንትሮስ አልፌው እሄድና እንደገና ወደ ምዕራብ እመለሳለሁ። 476 ኪሎ ሜትር በርሬ ቦሌ ሳርፍ፣ ወደ ቤት የቀረብኩት 160 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህን ቁጥር ሳገኝ የዳኛው ጥያቄ እንደገና ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

## አዲስ አበባ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የአገር ውስጥ በረራችን ከ20 በላይ ከተሞች ይደርሳል። ለሒሳቡ እንዲመች 20 እንበል። እያንዳንዱን ከተማ ከሌላው ሁሉ ጋር በቀጥታ ላገናኝ ብትል 190 መስመር ያስፈልግሃል። ሁሉንም ከአንድ ማዕከል ጋር ብታገናኝ 20 ይበቃሃል። አንድ ኪው 400 ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። በአንድ ቀን ከጋምቤላ ጎንደር ልሂድ የሚል ስንት ሰው ይገኛል? እኔ፣ ለእረፍት የሚመለሱ ተማሪዎች፣ ዝውውር የወጣለት መምህር፣ አልፎ አልፎ ነጋዴ። ሚኒባስ አይሞላም። አውሮፕላን የማስተዳድረው እኔ ብሆን እኔም ያንን መስመር አልከፍተውም። ባዶ ወንበር ይዞ መብረር ማን ይፈልጋል?

ስለዚህ በአየር መንገድ ላይ ቂም የለኝም። እንዲያውም ሁሉም ወደ ቦሌ ስለሚሄድ ነው ጋምቤላ በየዕለቱ አውሮፕላን የሚያይ ከተማ የሆነው። ቀጥታ መስመር ቢሆን ኖሮ ምናልባት በሳምንት አንዴ ነበር። በሳምንት አንዴ የሚመጣ አውሮፕላን ደግሞ ለቀብር አይሆንም፤ ለሙት ዓመት እንጂ።

ግን ዳኛው የጠየቁት የንግድ ጥያቄ አልነበረም። እሳቸው በኖሩበት ዓለም ሰው ለቅሶ ሲሄድ አቅጣጫ አለው። ቤቱ ወዳለበት ይሄዳል። በእግርም ሆነ በበቅሎ፣ በጭነት መኪናም ሆነ በአውቶብስ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ለቅሶው ቤት ያስጠጋዋል። መንገዱ ቢጣመም ተራራ ስላለ፣ ገደል ስላለ ነው። ዓባይ በረሃን ያየ ሰው መንገድ ለምን እንደሚጠማዘዝ አስረጂ አያሻውም። የእኔ መንገድ የተጣመመው ግን በገደል አይደለም። ሰማዩ ክፍት ነው። የተጣመመው ከሁለት ትንንሽ ከተሞች አንዱ ለሌላው የሚበቃ ሰው ስለሌለው ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ በስልክ፣ ያውም ልቅሶ መሃል፣ እንዴት አድርገህ ታስረዳለህ?

በኋላ ነገሩን ሳብሰለስለው ታሪኩም እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በአስመራ በኩል ነበር። ከመነሻው «በ... በኩል» ነው ነገራችን። ጋምቤላም ብትሆን አንድ ዘመን ወደብ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዞች መካከል በተፈረመው ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ አገኙ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ እየመጣ የእኛን ቡና ይጭን ነበር። ጎንደር ደግሞ በመተማ በኩል ከሱዳን ጋር ስትነግድ የኖረች ከተማ ናት። ያኔ የጋምቤላ ዕቃ ጎንደር ገበያ ላይ ታይቶ ከሆነ በሱዳን ዞሮ የመጣ ይመስለኛል። እንግዲህ የሁለቱ ከተሞች ዕጣ ነው፤ ሲተያዩ የኖሩት በሰው ግቢ በኩል ነው።

መኪናስ የሚል አንባቢ ይኖራል። ካርታ ላይ በደምቢ ዶሎ፣ በነቀምት፣ በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚያወጣ መንገድ አለ። በእነዚህ ዓመታት ያንን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ልለፍ የሚል ካለ ይሞክረው። እኔ ልጆች አሉኝ።

## 9 ሰዓት

ጠዋት ትኬት ቢሮ ስደርስ ያገኘኋት ልጅ «ለቀብር ነው» ስላት ፊቷ ተለወጠ። ብዙ አልጠየቀችኝም። የጋምቤላውን አገኘችልኝ። ለጎንደሩ ቀኑን ሙሉ የቀረው ወንበር ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ላይ ነበር። ትኬቱን አይቼ 6 ቀነስኩ። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ስመልሰው ገና ጋምቤላ ሳለሁ አወቅሁት። አልደርስም።

ለአያ ደወልኩ። «አትጠብቁኝ» አልኩት። እሱም «እሺ» አለ። በቤታችን ረጅም ንግግር የለም።

ቦሌ የአገር ውስጡ ማስተናገጃ አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ድሬዳዋ ሊሄዱ ነው። ከጋምቤላ አብረውኝ ነው የመጡት። ልጃቸው እዚያ ተመድባ ትሠራለች። እግራቸው ሥር በፌስታል የታጨቀ ማንጎ አስቀምጠዋል፤ የላይኛዎቹ መብሰል ጀምረው ሽታቸው ይመጣል። ከፊታችን ሰሌዳው ላይ የከተማ ስም ይገለባበጣል። ጅንካ፣ ሰመራ፣ አሶሳ፣ ጎዴ፣ ጎንደር። አገሩ ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሁላችንም ወደ ሌላ ቦታ ልንሄድ እዚህ መጥተናል። አዲስ አበባ ምን ልሠራ እንደሄድኩ ያኔ በዐይኔ አየሁት፤ ልቀመጥ።

«ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ጎንደር። ለቀብር።»

«እግዜር ያጥናህ። ስንት ሰዓት ነው?»

«9 ሰዓት።»

ቀና ብለው ሰዓት አዩ። 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። አያ ትንሽ ቀደም ብሎ «ከቤት ወጣን» ብሎኛል። ሴትዮዋ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» አሉ። ተረቱን ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ስሰማው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ስለ እኔ፣ ሁለተኛው ስለ እቴቴ የተባለ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ማንጎ አውጥተው ሰጡኝ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እህል ይቅመስ ብለው ነው። ተቀበልኳቸው።

ወደ ጎንደር ያለው በረራ ፈጣን ነበር። ስለሱ የምለው የለኝም። ሁለቱ በረራዎች ተደምረው ሰማይ ላይ የቆየሁት 2 ሰዓት ተኩል አይሞላም። ቀኔን የበላው መሬት ነው፤ ጋምቤላ ላይ መጠበቅ፣ ቦሌ ላይ መጠበቅ። አዘዞ ስወርድ ጀምበር አዘቅዝቃለች። ድንኳኑ ጋ ስደርስ ገጠሬው ተበትኗል። ዳኛው ግን ነበሩ። ብድግ ብለው ተቀበሉኝ። ስለ አዲስ አበባ ምንም አላነሱም።

## «ታዲያ ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?»

በሣልስቱ ማግስት የእህቴ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። ያን ማታ ያነበበው ቁጥር ከንክኖታል። አንድ ካርቶን ቀድጄ ሦስት ማዕዘን ሣልኩለት። አንዱ ጫፍ ጋምቤላ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ቦሌ። 579፣ 476፣ 419። ወዲያው ገባው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጣ።

«ታዲያ ከጋምቤላ ጎንደር ትክክለኛው ስንት ሰዓት ነው? ገጹ ላይ ስንት ብሎ መጻፍ ነበረበት?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ቁጥር ልሰጠው ብዬ ፈለግሁ፣ አጣሁ። በእኛ ሥራ ርቀት በቀን ሰዓት አይለዋወጥም። እርግጥ ጋምቤላ በቀትር ሙቀት የርቀት መለኪያ መሣሪያችን፣ ቶታል ስቴሽን የምንለው፣ ትንሽ ያዛባል። የአየሩን ሙቀትና ግፊት እያስገባን እናርመዋለን። የምናርመው ግን በሚሊ ሜትር ነው። የጋምቤላና የጎንደር ርቀት ግን ስልኩ በተደወለበት ሰዓት ነው የሚወሰነው። እቴቴ ያረፈችው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቢሆንና መርዶው በዚያው ቢነገረኝ፣ በዚያው ቀን ረፋድ ተነስቼ ማታውን ቤቴ ነኝ። ከቀትር በኋላ ብትሆን የዕለቱ አውሮፕላን ሄዷል፤ እስከ ማግስት አልነሳም። የጎንደሩ ወንበር ባይገኝ ቦሌ አድራለሁ። አንዲት ሴት በሞተችበት ሰዓት ምክንያት በሁለት ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ይረዝማል ወይም ያጥራል። የትኛው ማሽን ነው ይህን የሚያሰላው?

የበረራ መርሐ ግብር የሚያውቁ ሌሎች ገጾች እንዳሉ አውቃለሁ። ትኬት የሚሸጡት ይሠሩታል፤ መነሻና መድረሻ ስትሰጣቸው የቦሌውን ቆይታ ጨምረው ይነግሩሃል። ልጁ ግን እነሱን አልከፈተም። ለምን ይክፈት? እሱ ትኬት አልገዛም። የጠየቀው «ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚመልሱለት ደግሞ እነዚያ የርቀት ገጾች ናቸው። ከእነሱ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ደቂቃውንም ይጻፉት፣ መስመሩንም ያስምሩት፣ ከሥሩ ግን «ቀጥታ በረራ የለም» ብለው ይጻፉ። ያቺ አንዲት መስመር ብትኖር ያን ማታ ቤቱ ውስጥ ማንም «ቅርብ ነው ለካ» አይልም ነበር።

ለልጁ ያልኩት አጭር ነው። ሰው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ኪሎ ሜትሩን ተወው፤ የዕለቱ አውሮፕላን ሄዷል ወይስ አልሄደም? ከቦሌ የመጨረሻው ስንት ሰዓት ይነሳል? ወንበርስ አለ? ሦስቱን ካወቅክ ለዳኛው ሰዓት መቁረጥ ትችላለህ። ካርቶኑ ላይ ጻፈው። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ከሩቅ ዘመድ የሚጠብቅ ለቅሶ ሲኖር ዳኛው እሱን ያስጠሩታል አሉ።

ጋምቤላ ስመለስ ይህን ሁሉ ለአንድ ባልደረባዬ አጫወትኩት። የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ እኔ ወደ ሰሜን እንደምሄድ እሱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። «የእኔንም አስላልኝ» አለ። አሰላሁለት። ከጋምቤላ ጅግጅጋ በቀጥታ 928 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው፤ ከዞን 36 ተነስቶ 37ን ዘሎ 38 ላይ ማረፍ። በቦሌ በኩል ሲሆን ደግሞ 476 ሲደመር 454፣ 930። የሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት ብቻ። እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። ቦሌ ከመስመሩ ላይ ብዙም ፈቀቅ አላለችም።

«አየህ» አልኩት በቅናት፣ «አንተ አትዞርም። ቦሌ መንገድህ ላይ ናት።»

ወረቀቱን ወሰደና አየው፣ አገላበጠው።

«መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ» አለ፣ «ባለፈው ለእህቴ ሠርግ ስሄድ ቦሌ ለምን አደርኩ?»